ኢንሳይድ አውት ሁለት የመጀመሪያውን ያክላል? ልጄ አንዷን ዓረፍተ ነገር አልተረጉምም አለችኝ

ልብስ ሰፊዋ፣ ደብረ ማርቆስ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ።

ጥያቄዬ ስለ ፊልም ነው። የልጆች ነው ብላችሁ አትለፉኝ። «ኢንሳይድ አውት» የተባለውን የካርቱን ፊልም ሁለቱንም ክፍል ያያችሁ ንገሩኝ። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያክላል?

እኔ አያክልም ባይ ነበርኩ። ባለፈው እሑድ ግን ቤቴ ውስጥ አንድ ነገር ሆነና አሁን ልቤ ለሁለት ተከፍሏል። ከሥሩ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያውን ያየነው በ2009 ዓ.ም ነው። ፊልሙ የወጣው በ2007 ዓ.ም ሰኔ ላይ ቢሆንም እኛ ዘንድ በጎረቤት ልጅ ፍላሽ እስኪደርስ ጊዜ ወሰደ። ልጄ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። የአማርኛ ትርጉም አልነበረውም። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁና በዚያችው እንግሊዝኛዬ እየተረጎምኩላት አየን። ገጸ ባሕርያቱ የአንዲት ልጅ ስሜቶች ናቸው፤ ስማቸውንም አማርኛ አደረግሁት። ቢጫዋ ደስታ፣ ሰማያዊዋ ሐዘን፣ ቀዩ ንዴት፣ ሐምራዊው ፍርሃት። አረንጓዴዋ ላይ ቸገረኝ። መጸየፍ ብላት ለአምስት ዓመት ልጅ ምኑ ይገባታል? «ኤጭ» አልኳት። እስከ ዛሬ ቤታችን ውስጥ ጎመን አልበላም ያለ ሰው «ኤጭ መጣችበት» ይባላል።

ላላየ ሰው፣ ታሪኩ የሚካሄደው ራይሊ የምትባል የ11 ዓመት ልጅ ጭንቅላት ውስጥ ነው። ቤተሰቧ ከሚኒሶታ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ይዟት ይሄዳል። ጓደኛ የለ፣ ቤቱ ባዶ፣ አባቷ በሥራ የተወጠረ። ውስጧ ያሉት አምስቱ ስሜቶች ደግሞ እሷን ለማኖር ይራኮታሉ። ደስታ ነገሩን ሁሉ በእጇ ይዛ ሐዘንን ከጥግ ልታስቀምጣት ትፈልጋለች። አንዴ እንዲያውም መሬት ላይ በኖራ ክብ ትሠራና ከዚህች እንዳትወጪ ትላታለች።

እኔን የያዘችኝ ቦታ አንዲት ናት። ቢንግ ቦንግ የሚባል የራይሊ የሕፃንነት የምናብ ጓደኛ አለ። ሰውነቱ ከስኳር ጥጥ የተሠራ፣ ድመትም ዝሆንም የሚመስል። የሚወዳትን ጋሪ ገደል ይጥሉበታል። ቁጭ ብሎ ይቀራል። ደስታ ልታስቀው ትታገላለች። ትኮረኩረዋለች፣ ፊቷን ታጣምምለታለች። ወይ ፍንክች። ሐዘን ግን መጥታ አጠገቡ ትቀመጣለች። የምትወደውን ነገር ወሰዱብህ አይደል ትለዋለች። እሱም ያወራል፣ ያለቅሳል፣ ከዚያ እንባውን ጠርጎ ተነስቶ ይሄዳል። ደስታ አፏን ከፍታ ታያለች።

ያን ጊዜ እናቴን ከቀበርኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ድንኳን ውስጥ ሦስት ቀን አጠገቤ የተቀመጡት የእድር ሴቶች አንዳቸውም ሳቂ አላሉኝም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ዝም ብለው ተቀመጡ። እኔ ሳለቅስ አለቀሱ። ያን ፊልም የሠሩት ሰዎች እኛን አያውቁንም። ግን እኛ ለቅሶ ቤት የምናደርገውን በአንድ ደቂቃ አሳዩኝ። ልጄን አቅፌ አለቀስኩ። እሷ ለዝሆኑ ያለቀስኩ መስሏት አባበለችኝ።

ሁለተኛው በ2016 ዓ.ም ሰኔ ወጣ። እኛ ያየነው አሁን በግንቦት ነው። ራይሊ 13 ሞልቷታል፤ የእኔዋም 13 ናት። ራይሊ ለሦስት ቀን የበረዶ ላይ ሆኪ ጨዋታ ካምፕ ትገባለች። አዳዲስ ስሜቶችም ይመጣሉ። ብርቱካናማዋ ጭንቀት ሻንጣዋን ተሸክማ፣ ዕቃዬን የት ላስቀምጥ እያለች ትገባለች። ትንሿ ቅናት አለች። ኮፍያውን እስከ አፍንጫው የሚስበው ግዙፉ ኀፍረት አለ። ሶፋ ላይ ተጋድማ ስልኳን የማትለቀውን ልጄ «ደባሪዋ» አለቻት። ቀልቧን ሳበቻት መሰለኝ።

ቅሬታዬ ይሄ ነው። አንደኛ፣ መንገዱ ያው ነው። ደስታ ከመቆጣጠሪያው ክፍል ትባረራለች፣ ሩቅ ትሄዳለች፣ ተመልሳ ትደርሳለች። ይህን አይተነዋል። ሁለተኛ፣ ደስታ ሐዘን እንደምታስፈልግ በመጀመሪያው ተምራ የለም ወይ? አሁን ደግሞ መጥፎ ትዝታዎችን ሁሉ በቱቦ ወደ ኋላ እየወረወረች አገኘናት። እንዴት ረሳችው? ሦስተኛው የሚቆጨኝ ነው። እናትና አባቷ የሉም ማለት ይቻላል። የመጀመሪያው የተፈታው በወላጆቿ እቅፍ ውስጥ ነበር። ልትጠፋ አውቶቡስ ተሳፍራ ከወረደች በኋላ ቤቷ ገብታ፣ ሚኒሶታ ናፈቀኝ ብላ አልቅሳ። በሁለተኛው ልጅቱ ስትታመስ እናት የት ሄደች?

አሁን ወደ እሑድ ልምጣ። በዚህኛው አስተርጓሚዋ እሷ ሆነች። እንግሊዝኛዋ ከእኔ ከሄደ ቆይቷል። ለስድስት ዓመት ወንድሟ እየተረጎመች፣ እኔ ከጀርባ ልብስ እየዘመዘምኩ። ቀልዱንም ቁጣውንም በድምፅዋ እየቀያየረች ትነግረው ነበር። ከዚያ ጭንቀት የራይሊን ውስጥ ይዛው፣ ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ደጋግማ የምትሰማበት ቦታ ደረሰ። ልጄ ዝም አለች። ወንድሟ «ምን አለች? ምን አለች?» አላት። አልመለሰችም። ሲነዘንዛት «አልተረጉምም» አለች። ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

ዓረፍተ ነገሯ ለእኔም ገብታኛለች። እኔ አልበቃም፣ የሚበቃ ጥሩ ነገር የለኝም እንደ ማለት ናት።

ልጄ ስምንተኛ ክፍል ናት። ሰኔ ላይ ክልላዊ ፈተና አለባት። ከመጋቢት ጀምሮ ጧት ጧት ሆዷን ያማታል። ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፣ ምንም የለባትም ተባልኩ። ጠበልም ወሰድኳት። ቀለም የሚገባት ልጅ ናት፤ ስለ ፈተናው ፈርታ ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም።

እና ፊልሙ ነው የበረታው ወይስ ልጄ ናት የደረሰችበት? እስቲ ያያችሁ ፍረዱኝ።


የደጀኑ

እህቴ፣ ሁለተኛው ይበልጣል። እኔ ሁለቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ አይቻለሁ።

የመጀመሪያው በዓለም ከ850 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ሁለተኛው ከ1.6 ቢሊዮን በላይ። የቻይናው «ኔ ዣ ሁለት» እ.ኤ.አ. በ2025 እስኪበልጠው ድረስ ከካርቱን ፊልም ሁሉ ብዙ ገንዘብ ያስገባው እሱ ነበር። ያ ሁሉ ሕዝብ ዝም ብሎ ገንዘቡን አልሰጠም። ሰው ራሱን አይቶበታል።

ሐዘን ሁሌ አትመጣም። ጭንቀት ግን ዕለት ዕለት ናት። እኔ ሚኒባስ ረዳት ነኝ። ጎሐ ጽዮን ለመሻገር የዓባይን በረሃ ስንወርድ ሾፌሩ ፍሬን በያዘ ቁጥር ሆዴ ውስጥ ያቺ ብርቱካናማዋ ትነሳለች። መንገዱን አስር ጊዜ አስልታ፣ አስሩንም ጊዜ ገደል ትከተኛለች። ፊልሙ ውስጥም ልክ እንደዚያ ነው የምትሠራው። ክፉ ክፉውን የሚስሉላት ሠራተኞች በሌሊት ደርድራ ታሠራለች። ይህን ያሰበ ሰው እጁ ይባረክ።


የቀድሞ የቆሎ ተማሪ፣ ቢቸና

ገንዘብማ ጥሩነትን አይመዝንም ወንድሜ። ሽልማት እንቁጠር ካልን ደግሞ የመጀመሪያው ኦስካር ወስዷል። ሁለተኛው ታጭቶ ነበር፤ የወሰደው ግን «ፍሎው» የተባለው የላትቪያ ፊልም ነው። አንዲት ድመት በጎርፍ መሐል ስትጓዝ የሚያሳይ፣ አንድ ቃል የማይነገርበት።

እህቴ ያነሳሽው የመጀመሪያው ቅሬታ ላይ ልጨምር። ልጅ ሆኜ ቅኔ ቤት ነበርኩ። ቀን ሜዳ ወጥተህ፣ ዛፍ ሥር ለብቻህ ተቀምጠህ ቅኔ ትቆጥራለህ፣ ማለት በልብህ ትደርሳለህ። ማታ መምህሩ ፊት ትናገራለህ። ጀማሪ ከሆንክ ሁለት ቤት፣ ማለት ሁለት ስንኝ ናት፣ ጉባኤ ቃና የምትባለው። ሁለት ቤት ብቻ ናት ብለህ ግን አትንቃት። ትናንት የተነገረች ቅኔ ዛሬ አትደገምም። ቃሉን ቀያይረህ ብታመጣትም መምህሩ መንገዷን ያውቃታል። አንድ ማታ ያለፈው ሳምንት የተናገርኩትን በሌላ ልብስ አልብሼ አመጣሁ። መምህሬ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ሲያበቃ «እገሌ፣ ይህችን እኮ ቀብረናታል» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም። ያን ሌሊት አልተኛሁም።

ሁለተኛውን ፊልም ሳይ የመምህሬ ቃል ነው የመጣብኝ። ከክፍሉ መባረር፣ በትዝታ ሸለቆ መንከራተት፣ መመለስ። ይህችን ቀብረናታል። አዲስ ልብስ ናት። ቅናትና ደባሪዋም መጥተው ይህን ያህል የሚሠሩት ሥራ የለም፤ የቤቱን ቁጥር ለመሙላት የገቡ ናቸው።

አንድ ነገር ግን አልክድም። ከጭንቅላቷ ሥር ያለው ውኃ የሞላበት ቦታ ትዝ ይላችኋል? ትዝታ ወደ ውኃው ሲገባ ከሥሩ እንደ ክር ብርሃን ይወጣል። ክሩ ሲነካ ድምፅ አለው፤ ልጅቱ ስለ ራሷ የምታምነውን ይናገራል። እኔ እንደ በገና አውታር ነው ያየሁት። በገና በዐቢይ ጾም ማታ ከሩቅ ሲደረደር እንደምንሰማው፣ ከጆሮ ይልቅ ደረት ላይ የሚያርፍ። መጀመሪያ «ጥሩ ሰው ነኝ» የሚል አውታር ነበር። ጭንቀት ነቅላ የራሷን ተከለች። ይህ በመጀመሪያው ፊልም አልነበረም፣ የትም አላየሁትም። ይህችን ብቻ አዲስ ቅኔ ብዬ እቆጥርለታለሁ። ልጅሽም ዝም ያለችው ያ አውታር ሲመታ ነው።


የወጣቶች አማካሪ፣ ባሕር ዳር

እህቴ ሰላምሽ ይብዛ። ሥራዬ ከወጣቶች ጋር ስለሆነ ፊልሙን እንደ ፊልም ብቻ ማየት አልቻልኩም።

ያቺ የቅጣት ሳጥን ውስጥ ያለችው ትዕይንት ላይ ልቆይ። ጥፋት የሠራ ተጫዋች ሁለት ደቂቃ የሚቀመጥባት ጠባብ ቦታ ናት። ራይሊ የገዛ ጓደኛዋን ገጭታ ጥላ ነው የገባችው። ትንፋሿ ያጥራል። ደረቷን ትይዛለች። ድምፁ ሁሉ ይርቃል። ውስጥ ደግሞ ጭንቀት መቆጣጠሪያውን በፍጥነት እየዞረችው ብርቱካናማ አውሎ ነፋስ ሆናለች፤ ማንም ሊጠጋት አልቻለም። ደስታ አውሎ ነፋሱን ሰንጥቃ ስትገባ መሐሉ ላይ ጭንቀትን ታገኛታለች። ደርቃ ቀርታለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ክፉ አይደለችም። መልቀቅ አቅቷት ነው። ልጅቱን ልቀቂያት ትላታለች ደስታ። አትገፋትም፣ አትጮህባትም።

ከዚያ የሚመጣውን በደንብ እዩልኝ። ራይሊ እጇን እንጨቱ ላይ ታሳርፋለች። የብርሃን ጨረር ፊቷ ላይ ይወርዳል። የበረዶ ጫማው ድምፅ ወደ ጆሮዋ ይመለሳል። ትንፋሿ ቀስ ይላል። እኔ ቢሮዬ የሚመጡ ልጆችን የማሠራው ይህንኑ ነው። የምትነኪውን ንገሪኝ፣ የምትሰሚውን ንገሪኝ እላለሁ። ፊልሙ አንድም ምክር ሳይሰጥ አሳይቶታል። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሊሳ ዳሞር የፊልሙን ሠሪዎች አማክራቸዋለች፣ ይታወቃል። የመጀመሪያው ላይም ፖል ኤክማንና ዳከር ኬልትነር የተባሉ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ነበሩበት። ሁለቱም ፊልሞች ባለሙያ በደንብ ተጠይቆ ነው የተሠሩት።

ደስታ የተማረችውን ረሳች ላልሽው፣ እኔ እንደ ጉድለት አላየውም። ሰው ይረሳል። ለቅሶ ቤት ሌላውን አስለቅሳ የምታጽናና እናት፣ የራሷ ልጅ ሲያለቅስ ዝም በል ትለዋለች። ሐዘንንም አልጣሏትም። ተደብቃ ወደ ክፍሉ ስትመለስ ያያትና የሚሸፍንላት ማን እንደሆነ ልብ ብለሻል? ኀፍረት ነው። ያ ግዙፉ። ሲያፍር የሚያዝንም እሱ ነው። እኔ ያቺን ትንሽ ቦታ በጣም ወደድኳት።

ስለ ልጅሽ ሆድ አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሐኪም ምንም የለባትም ሲል ሕመሙ የለም ማለቱ አይደለም። የጭንቀት ሆድ ሕመም እውነተኛ ሕመም ነው። ልጅቷ አታስመስልም። አስጨንቀሽ አትጠይቂያት። አጠገቧ ሁኚ፣ እሷ ታምጣው። ካልቀለላት ደግሞ ከትምህርት ቤቷም ሆነ ከባለሙያ ጋር ተነጋገሩ።


አስረኛ ክፍል ነኝ፣ ፍኖተ ሰላም

እትዬ ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። እናትየዋ የት ሄደች ላሉት እኔ ልመልስ።

ሄዳ አይደለም። ልጅቷ ናት ያራቀቻት። 13 ሲሞላሽ እናትሽ ሁሉንም እንድታይ አትፈልጊም። እናቴን በጣም እወዳታለሁ። ግን ስምንተኛ ክፍል እያለሁ ውጤቴ ሲቀንስ የነገርኩት ለጓደኛዬ ነው። ለእማዬ ብነግራት ለእኔ ስትል ትጨነቃለች፣ ከዚያ የእሷንም ጭንቀት እኔ ልሸከም ነው። ስለዚህ ፊልሙ ወላጆቿን ያሳነሳቸው ልክ ነው። በእኛ ዕድሜ ልክ እንደዚያ ነው የሚሆነው።

ደሞ ያንን ዓረፍተ ነገር እኔም አልተረጉምም ነበር። በእንግሊዝኛ ሲሆን የራይሊ ነው። በአማርኛ ስለው የኔ ይሆናል።

ከሁለቱ የቱ ይበልጣል ካላችሁኝ ሁለተኛው። የመጀመሪያውን ሳየው ትንሽ ስለነበርኩ ዝሆኑን ብቻ ነው የማስታውሰው።


ከሞጣ

ሁላችሁም የረሳችኋት አንዲት አሮጊት አለች። ሁለተኛው ላይ መነጽር አድርጋ በር ከፍታ ብቅ የምትል፣ እነሱም ገና ጊዜሽ አልደረሰም ብለው የሚመልሷት። በእንግሊዝኛ ስሟ ኖስታልጂያ ነው። በእኛ ትዝታ ናት፣ ሌላ ስም የላትም።

እኔ 58 ዓመቴ ነው። ከልጅ ልጆቼ ጋር ነው ያየሁት። እነሱ ሳቁ። እኔ ዓይኔ ተከትሏት ቀረ። እኛ ዘንድ እሷ አሮጊት ሆና በር ላይ አትጠብቅም። ገና ማሲንቆው ሲቃኝ ከሁሉ ቀድማ ገብታ ትቀመጣለች። የሃያ ዓመት ልጅ ትዝታ ሲያዜም ሰምተን እናለቅስ የለም ወይ? ፊልሙን ጎጃም ውስጥ ቢሠሩት ኖሮ መቆጣጠሪያው አጠገብ ወንበር ይሰጧት ነበር።

ከሁለቱ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ምክንያቴ ቢንግ ቦንግ ነው። ልጅቱ እንድታድግ ብሎ ከጋሪው ወርዶ የቀረ ጓደኛ። ደስታ ገደሉን ስትወጣ እሱ ከታች እጁን እያውለበለበ ይጠፋል። ያደገ ሰው ሁሉ አንድ እንደዚያ ያለ ነገር ከታች ትቶ ነው የመጣው። የሁለተኛው ፊልም እዚያ አይደርስም።


ልብስ ሰፊዋ፣ ደብረ ማርቆስ (ጠያቂ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም አንድ በአንድ አንብቤያለሁ። ከፍኖተ ሰላም የጻፍሽልኝ ልጅ፣ ያንቺን ሦስት ጊዜ። ያቺን «የኔ ይሆናል» ያልሽውን ቀሚስ እየቆረጥኩ ሳስባት ዋልኩ።

ረቡዕ ማታ ሁለተኛውን ብቻዬን ደግሜ አየሁት። ኀፍረት ሐዘንን የሸፈነላትን ቦታ በመጀመሪያው ጊዜ አላየሁትም፤ መርፌ ላይ ክር ሳስገባ አልፎኝ ይሆናል። እውነትም ቆንጆ ቦታ ናት። ስለ ወላጆቹ የነበረኝን ቅሬታም ትቼዋለሁ። ፊልሙን ሳይሆን ራሴን ነበር የምከስሰው።

ስለ መንገዱ ግን ከቢቸናው ጋር ነኝ። ያው መንገድ ነው። የመጀመሪያውን የሠራው ፒት ዶክተር የገዛ ልጁ ስታድግ ዝምተኛ ስትሆንበት ውስጧ ምን ሆነ ብሎ ነው የተነሳው ይባላል። ያ ጥያቄ ፊልሙ ውስጥ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይሰማል። ሁለተኛውን የሠራው ኬልሲ ማን የተባለ ሰው ነው፤ ጎበዝ ነው፣ ግን ቤቱ ተሠርቶ፣ ግድግዳው ተለስኖ ነው የገባበት። አንድ ክፍል ጨመረበት። ያቺ ክፍል ግሩም ናት። ቤቱ ግን የመጀመሪያው ሰው ቤት ነው። ስለዚህ አሁንም የመጀመሪያው ይበልጣል እላለሁ። ልጄ አትስማማም፣ እሷ ከአስረኛ ክፍሏ ልጅ ጋር ናት።

ትናንት ማታ የሆነውን ልንገራችሁና ላብቃ።

መብራት ጠፍቶ ነበር። በሻማ የአንዲት ደንበኛዬን ጥለት እሰፋለሁ። የእግር መኪና ስለሆነች መብራት አትጠይቀኝም። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ልጄ ከመኝታዋ ተነስታ መጣች። ከመኪናዋ ጠረጴዛ አጠገብ በርጩማ ስባ ተቀመጠች። እንዳላናግራት ራሴን ያዝኩ። የባሕር ዳሩን ምክር አስታውሼ እግሬን ከመርገጫው ላይ አላነሳሁም። እሷ በአውራ ጣቷ የጠረጴዛውን ጠርዝ ታሻለች። እናቴ የተወችልኝ መኪና ናት፤ ጠርዙ በክርናችን አልቆ ለስልሷል። አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ። ብዙ ቆየች።

ከዚያ «እማዬ፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር ምን ብዬ ነበር መተርጎም የነበረብኝ?» አለችኝ።

«አንቺ ምን አሰብሽ?» አልኳት።

«ብቁ አይደለሁም ብለው የሥራ ማስታወቂያ ይመስላል» አለች። «አልበቃም ደግሞ እንጀራ ነው የሚመስለው።» ጣቷ ቆመ። «እኔ አልረባም። እሱ ነው ትክክለኛው።»

«ማን ነው እንደዚያ ያለሽ?»

«ማንም። እኔው ነኝ የምለው። ማታ ማታ።»

መቀሱን አስቀመጥኩ። ከወንበሬ ተነስቼ መሬት ላይ፣ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። አይዞሽ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጥኩት። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት። ከዚያ ነገረችኝ። የሒሳቡን ነገር፣ የጓደኛዋን ነገር፣ እኔ ለሰው ሁሉ «የኔ ልጅ አንደኛ ትወጣለች» እያልኩ የማወራውን ነገር። ይህን የመጨረሻውን ስትል ድምፅዋ ተቆረጠ። አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ። ሻማው አልቆ ሌላ አላበራንም።

ጧት ሆዷን አሟት ነበር። ሻይ ጠጥታ ሄደች። ሰኞ አስተማሪዋን አብረን እናናግራለን ተባብለናል።

ከመውጣቷ በፊት ወንድሟ ጫማውን እያሰረችለት ሳለ ያንኑ ጥያቄ አመጣ። አልረሳም። «ያቺ ልጅ ምን ነበር ያለችው?» አላት። ልጄ ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ክሩን እያጠበቀች «እኔ አልረባም ነው ያለችው» አለችው።

ትንሽ አሰበና «ውሸቷን ነው» አላት።